ጸጋው በነጻ፣ ድግሱ በዕዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ወንድ ሕፃን በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ሕፃን በተወለደች በ80 ቀኗ ትጠመቅ ዘንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ያዝዛል። ለዚህ ጸጋ የሚከፈል ዋጋ የለም። ውኃው፣ ቅብዐ ሜሮኑ፣ ሥጋ ወደሙ ለሀብታሙም ለድኻውም እኩል በነጻ ይሰጣል። ይሁን እንጂ «አዳራሽ አልተከራየንም»፣ «የድግሱ ገንዘብ አልሞላልንም»፣ «የሀገር ሰው ምን ይለናል» እየተባለ ቀኑ የሚያልፍበት ሕፃን አለ። በተክሊል ወይም በቍርባን ለመጋባት ወስነው ሳለ የሠርጉ ወጪ እስኪጠራቀም ድረስ ዓመታትን የሚያሳልፉ እጮኛሞችም አሉ። በነጻ የተሰጠው ጸጋ በዕዳ የሚደገሰውን ድግስ እንዲጠብቅ ሲደረግ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባናል።

ክብርን ከወዴት እንፈልጋለን?

የምንኖርባት ጆሃንስበርግ እ.ኤ.አ. በ1886 በወርቅ ምክንያት የተቈረቈረች ከተማ ናት። ባለቤቶቹም «ኢጎሊ»፣ የወርቅ ስፍራ፣ ይሏታል። በዚህች ከተማ ዙሪያ፣ በሶዌቶ፣ በካትሌሆንግና በመሰሎቻቸው ሰፈሮች፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 ገደማ «ኢዚኮታኔ» የሚባሉ ወጣቶች ብዙ አነጋግረው ነበር። በአደባባይ እየተሰበሰቡ ውድ ልብስና ካርቬላ የተባለውን ጫማ ያቃጥሉ፣ የገንዘብ ኖት ይቀዱ፣ ካስታርድ የተባለውን ጣፋጭ መሬት ላይ ያፈሱ ነበር። ዓላማቸው «እኛ ይህን ብናጠፋ አይጎድልብንም» ብሎ ባላንጣን ማሳፈር ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን የድኻ ልጆች ነበሩ፤ ለሚቃጠለው ልብስ የሚከፍሉትም ወላጆቻቸው ነበሩ።

ይህን የምናነሣው በጎረቤት ልጅ ለመፍረድ አይደለም። የተናቀ ሰው ክብርን በሚታይ ነገር ለመግዛት እንደሚቸኩል ስለሚያሳየን ነው። ስደተኛም እንዲሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ ከበር ወደ በር የሚዞር፣ «መጤ» እየተባለ የሚሰደብ ሰው፣ በልጁ ክርስትና ወይም በሠርጉ ዕለት ለአንድ ቀን እንኳ ትልቅ ሰው ሆኖ መታየት ቢመኝ አያስደንቅም። ቍስሉ እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ቍስሉን ያሰፋዋል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት አባቶቻችን ይህንን ተረድተው ነው። የአንድ ቀን ክብር ካለፈ በኋላ የሚቀረው የአበዳሪው ፊት ነው።

ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠን ክብር ከዚህ የተለየ ነው። ወደ ቤተ መቅደስ ስንገባ ውዱንም ርካሹንም ጫማ በደጃፍ እናወልቃለን። የሁላችንም ነጠላ ነጭ ነው። በጥምቀታችን ቀን በአንገታችን የታሰረው ማዕተብ ለንጉሥም ለእረኛም ያው ክር ነው። ከዚያ ወጥተን በአዳራሹ ውስጥ ልዩነትን እንደ ገና የምንዘረጋ ከሆነ በመቅደሱ የተማርነውን በማዕዱ ማፍረሳችን ነው።

የቆሮንቶስ ማዕድ

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የገሠጸው በዚሁ ጉዳይ ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥20-22)። በአንድነት ተሰብስበው ሳለ ባለጠጋው ጠግቦ ይሰክር፣ የሌለው ተርቦ ይመለስ ነበር። ሐዋርያው በዚህ ሥራ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንደ ናቁ፣ ምንም የሌላቸውንም እንዳሳፈሩ ይነግራቸዋል። ሐዋርያው ያየው የምግቡን መባከን ብቻ አልነበረም፤ በድኻው ላይ የደረሰውን ኀፍረት ጭምር ነው።

የእኛም ድግስ እንዲሁ ያሳፍራል። አንዱ 300 ሰው ጠርቶ ሲደግስ፣ ያየው ጎረቤቱ «እኔስ በምን አቅሜ» ይላል፤ ልጁን ለማስጠመቅ ያመነታል፤ ስጦታ የሚይዝበት ስለሌለው ከጥሪው ይቀራል፤ ቀስ በቀስም ከማኅበሩ ይርቃል። ደጋሹ ማንንም ከቤተ ክርስቲያን ላስወጣ አላለም። ነገር ግን በድኻው ወንድሙና በመቅደሱ መካከል አጥር አቁሟል።

በሀገራችንም ይህ ታይቷል። ተዝካር በመሠረቱ ጸሎተ ፍትሐት፣ ቅዳሴና ለድኻ የሚሰጥ ምጽዋት ነው። በገጠር ግን ለይሉኝታ ሲባል የሟች ቤተሰብ በሬውን እየሸጠ፣ ከአራጣ አበዳሪ እየተበደረ ይደግስ ነበር። ለሟች ነፍስ ይጠቅማል የተባለው ድግስ በሕይወት ያሉትን ወላጅ አልባ ልጆች ያስርብ ነበር።

የአፈ ወርቅ ምሳሌ

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ እ.ኤ.አ. በ398 የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ በሆነ ጊዜ የመንበሩን ቤት ወጪ መርምሮ ከልክ ያለፈውን ቀነሰ፤ የተረፈውንም ለሕሙማን ቤት አዋለው። የታላላቆችን ግብዣ ትቶ በጥቂት ምግብ ብቻውን ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ403 በተሰበሰበበት ጉባኤ ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ይኸው ብቻውን መመገቡ ነበር። በመጨረሻም ተሰዶ በ407 በስደት ዐረፈ። ከልክ ያለፈ ግብዣን የሚተው ሰው መነቀፉ የማይቀር መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ስደተኞች የሆንን እኛም የስደተኛውን አባት ምሳሌ ብንከተል አናፍርም።

ቍጠባ ንፍገት አይደለም

ቤተ ክርስቲያን ደስታን አትከለክልም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሠርግ ተገኝቶ የጎደለውን ሞልቷል (ዮሐ. 2)። አምስት ሺሕ ሕዝብ በባረከ ጊዜም ሁሉም ጠግቧል። ሆኖም እንጀራን ማበርከት የሚችለው ጌታ፣ የተረፈው ፍርፋሪ እንዳይጠፋ አዝዞ 12 መሶብ ተሰብስቧል (ዮሐ. 6)። ማብዛት የሚችል ሁሉን ቻይ አምላክ ፍርፋሪ ካላስጣለ፣ ነገ የሚሆነውን የማናውቅ እኛ እንዴት እንጥላለን? በግንቦት 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) በዚህ ሀገር በመጤዎች ላይ በተነሣው ሁከት 62 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙ ሱቆችም ተዘርፈዋል። በ2015 እና በ2019 እንደ ገና ተከሥቷል። በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን የቀረውን ወንድም የሚያነሣው ቀደም ሲል የተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ የተበላ ድግስ አያነሣውም።

ነፋጊ የሚሰበስበው ለራሱ ነው። ቈጣቢ ክርስቲያን ግን ለወንድሙ የሚተርፈው እንዲኖር ከራሱ ይቀንሳል። ጾማችንም ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ በጾም የቀረው የሥጋ ዋጋ ለድኻ ካልደረሰ ጾሙ ጎዶሎ ነው።

ምን እናድርግ?

1. ምሥጢሩ በቀኑ ይፈጸም። ሕፃኑ በ40 ወይም በ80 ቀን ይጠመቅ፤ ድግስ ካስፈለገ በአቅም፣ ሲመች ይሁን። እጮኛሞችም ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው የጋብቻቸውን ቀን ይወስኑ። የአዳራሽ ኪራይ ቀን አይቍረጥላቸው።

2. እቁብ ለሥራ፣ እድር ለችግር ይዋል። የዚህ ሀገር ሰዎች «ስቶክቬል» በሚሉት ማኅበር ቈጥበው ቀብርና የልጆች ትምህርት ያስችላሉ። እኛም የእቁብ ዕጣ ሲደርሰን ለአንድ ቀን ድግስ አንጨርሰው።

3. ጠበል ጸዲቁ ቀላል ይሁን። ዳቦና ንፍሮ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለሁሉም ቢቀርብ ተጠሪና ያልተጠራ አይለይም።

4. አቅም ያለው አስቀድሞ ይቀንስ። ድኻ ድግሱን ቢያሳንስ «አጣ» ይባላል። ባለጠጋ ሲያሳንስ ግን ለድኻው መንገድ ይከፍትለታል። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ሸክም ይበልጥ የሚወድቀው ጌታ በሰጣቸው ወንድሞችና እኅቶች ላይ ነው።

«እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይላል ያገራችን ሰው። ክርስቲያን ደግሞ ጎረቤቱ ሳያፍር ደጁን እንዲረግጥ አድርጎ ይኖራል። በመጪው የክርስትና ወይም የሠርግ ጥሪ ወቅት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ይህን ድግስ አይቶ ልጁን ለማስጠመቅ የሚፈራ ሰው ይኖራልን? መልሱ «አዎን» ከሆነ እንቀንስ።

የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።