ያው ቫይረስ ለምን ተመልሶ ይይዛል?

ጥያቄ፦ ልጄ የአምስት ወር ሕፃን ሳለች ጉንፋን ጀመራትና ወደ ሳንባዋ ወርዶ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሞቹ «አር ኤስ ቪ» ነው አሉኝ። ዘንድሮ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ያው ቫይረስ እንደገና ተገኘባት። ቫይረሱ ራሱን ቀይሮ ነው ወይስ የእሷ አቅም ደካማ ሆኖ? (አንዲት እናት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ የልጅቷ አቅም ደካማ ነው የሚያሰኝ ነገር የለም። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ልጆች በዚህ ቫይረስ ይያዛሉ፤ ብዙዎቹንም ደግሞ ይይዛቸዋል። ዋናው ምክንያት አር ኤስ ቪ በአፍንጫና በጉሮሮ ላይ ጥሎት የሚያልፈው መከላከያ ቶሎ መድከሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ቀደም ሲል በአር ኤስ ቪ ተይዘው ለነበሩ 15 አዋቂዎች የዚያው ምድብ ቫይረስ ሆን ተብሎ በተለያየ ጊዜ ተሰጣቸው። በሁለት ወር ውስጥ ግማሽ ያህሉ፣ በስምንት ወር ውስጥ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው እንደገና ተያዙ። ቫይረሱ መልኩን መቀየር እንኳ አላስፈለገውም።

ደግነቱ ሁለተኛው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይቀላል። የሚከፋው ስድስት ወር ያልሞላቸውን፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱትንና የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለባቸውን ሲይዝ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይህ ቫይረስ አይለወጥም ማለት ነው?

መልስ፦ ይለወጣል እንጂ! የአር ኤስ ቪ ዘረመል 15,000 ገደማ ፊደላት ያሉት አር ኤን ኤ ሲሆን፣ ሲባዛ የሚሠራውን ስሕተት የሚያርምለት የለም። «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉ ሁለት ምድቦች አሉት። ከላዩ ካሉት ፕሮቲኖች ሁለቱ ሊታወቁ ይገባል፦ «ጂ» ከመተንፈሻ አካል ሕዋስ ጋር ያጣብቀዋል፤ «ኤፍ» ወደ ውስጥ ያስገባዋል። አብዝቶ የሚለዋወጠው ጂ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ በተገኘ የቢ ምድብ ቫይረስ፣ «ጂ»ን በሚሠራው ዘረመል ላይ 60 ፊደላት ተደግመው ታዩ፤ ቁም ጸሐፊ ሳያስበው አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ እንደሚጽፈው ማለት ነው። ይህ ዝርያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። በ2010 ደግሞ በካናዳ ኦንታሪዮ 72 ፊደላት የተደገሙበት የኤ ምድብ ቫይረስ ተገኘ፤ በ2012 ኬንያ ኪሊፊ ደርሶ ነበር። የኪሊፊ ተመራማሪዎች ይህን የደረሱበት በሆስፒታላቸው የሚተኙትን ሕፃናት ናሙና ለዓመታት ሳይታክቱ በመመርመራቸው ነው። ክትትል የሀብታም አገር ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። እነዚህ ድግግሞሾች ሕመሙን እንዳከበዱት ግን ጥናቶች በአንድ ቃል አልተናገሩም።

ለውጡ የሚያስፈራው መድኃኒትን ሲያመልጥ ነው። ሱፕታቩማብ የተባለ አንቲቦዲ (ቫይረሱን የሚያግድ ፕሮቲን) ያለጊዜያቸው የተወለዱ ከ1,100 በላይ ሕፃናት በተሳተፉበት ሙከራ ተፈትኖ ነበር። የኤ ምድብን ቢከላከልም በቢ ላይ ግን አልሠራም። ምክንያቱ ሲፈተሽ፣ በወቅቱ ይዘዋወሩ የነበሩት የቢ ቫይረሶች አንቲቦዲው በሚያርፍበት የኤፍ ክፍል ላይ ሁለት ለውጦች አድርገው ተገኙ። ሁለት ጥቃቅን ለውጦች የብዙ ዓመት ድካም መና አስቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ይፋ ሲሆን የመድኃኒቱ ነገር አበቃ።

ጥያቄ፦ አሁን ልጅ እንዳይያዝ ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ኤፍ ወደ ሕዋስ ከመግባቱ በፊት ያለውን ቅርጹን አወቁ፤ የዛሬዎቹ መከላከያዎች የተሠሩት በዚያ ላይ ነው። አንደኛው ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጥ ክትባት ነው፤ በአሜሪካ ከ32ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት፣ ቫይረሱ በሚበረታበት ወቅት አካባቢ ይሰጣል። ሌላው ለሕፃኑ የሚወጋው ኒርሴቪማብ የተባለ አንቲቦዲ ነው። ሜሪላንድ ያሉ እናቶች በእርግዝና ክትትላቸው ስለ ሁለቱም ሐኪማቸውን ሊጠይቁ ይገባል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ፔንታቫለንት እና በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የሳንባ ምች ክትባት የሚከላከሉት ሌሎች በሽታዎችን እንጂ አር ኤስ ቪን አይደለም። ልጆቹን ማስከተብ የግድ ነው፤ ግን ተከትበዋል ብሎ መዘናጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2019 ቫይረሱ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ 100,000 ያህል ልጆችን ሕይወት እንዳሳጣ ይገመታል፤ ከ100 ሟቾች 97ቱ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የነበሩ ናቸው። መከላከያው መጀመሪያ ሊደርስ የሚገባው እዚያ ነበር።

አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይገድለውም፤ ከፋርማሲ በግምት እየገዙ ማጠጣት ይቅር። ይልቅ ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገልጣችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50፣ ከዓመት በላይ 40 ከደረሰ ወይም ከበለጠ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ ግን ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ።