የሠርግ ፎቶ መብራት ሲገዙ የካርቶኑን ቁጥር አይመኑ

ሠርግ አይደገምም። ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያጠልቁ ያልበራ ፍላሽ በማግሥቱ ቢበራ ለፎቶ አንሺው የሚተርፈው የቤተሰብ ወቀሳና ቀብድ መመለስ ነው። ሠርግ በሚበረክትበት በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ወደዚህ ሥራ የሚገባው ወጣት ብዙ ሲሆን፣ ከካሜራው ቀጥሎ ገንዘቡን የሚያፈስሰው በተንቀሳቃሽ መብራት ላይ ነው። ዕቃውን ከዱባይም ሆነ ከቻይና የሚያስመጣው ነጋዴም የትኛው እንደሚሸጥ፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀር አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ዋትና ጁል ለየቅል ናቸው

ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት መብራት አለ። አንደኛው ሳያቋርጥ የሚበራው ኤልኢዲ ሲሆን ጉልበቱ በዋት ይለካል። ሁለተኛው ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ፍላሽ ነው፤ የእሱ ጉልበት የሚለካው በጁል ነው። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው «ይኸኛውም 200፣ ያኛውም 200» እያለ ሁለቱን ቁጥሮች እንደ አንድ በመቁጠሩ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ካሜራው ለአንድ መቶኛ ሰከንድ ሲከፈት ባለ 200 ዋቱ ኤልኢዲ የሚያወጣው ጉልበት 2 ጁል ብቻ ነው። ባለ 200 ጁሉ ፍላሽ ግን ያጠራቀመውን በሙሉ በዚያች ቅጽበት ያወርደዋል። ከሁለቱም ወደ ብርሃን የሚለወጠው ከፊሉ ቢሆንም ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ስለዚህ ሙሽሮቹን ከሰዓት በኋላ በመናፈሻ ፀሐይ ላይ ለሚያነሳ ሰው የሚያዋጣው ፍላሽ ነው። ቪዲዮ ለሚቀርጽ ደግሞ ኤልኢዲ ግድ ነው፤ እሱንም ሲገዛ ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው (ሲአርአይ) 95 እና ከዚያ በላይ መሆኑን ይመልከት። ካልሆነ የሙሽራዋ ፊት መልኩን ይለውጣል።

ምን ያህል ይበቃል?

ካሜራ ላይ የሚሰካ ተራ ፍላሽ ከ60 እስከ 80 ጁል አካባቢ ነው። ባለ 200 ጁል ተንቀሳቃሽ ፍላሽ ለአብዛኛው ሠርግና ለፊት ፎቶግራፍ ይበቃል። ከ200 ወደ 400 ጁል ለመሸጋገር ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው የሚያገኘው እጥፍ ብርሃን ነው። መብራቱን ከ4 ሜትር ወደ 2 ሜትር ማቅረብ ግን ያለ አንዳች ወጪ አራት እጥፍ ያስገኛል። ከመክፈል በፊት ስታንዱን ማስጠጋት ይቀድማል።

ሻጩን ምን ይጠይቁ?

አንደኛ፣ በሙሉ ጉልበት ከበራ በኋላ እንደገና ለመብራት ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? ሁለት ሰከንድ ጥሩ ነው፤ አምስት ሰከንድ ከሆነ ኬኩ ተቆርጦ ያልቃል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ባትሪ ስንት ጊዜ ይበራል? ባለ 200 ጁል ሆኖ በሙሉ ጉልበት ወደ 500 ጊዜ የሚበራ አስተማማኝ ነው።

ሦስተኛ፣ መለዋወጫ ባትሪና አምፖል እዚሁ ይገኛል?

አራተኛ፣ ሶፍትቦክስ የሚታሰርበት አፉ የቦወንስ ዓይነት ነው? የእንግሊዙ ቦወንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ቢዘጋም የአፉን ልክ ብዙ የቻይና አምራቾች ዛሬም ይጠቀሙበታል። ስለሆነም ከየትኛውም ሱቅ የተገዛ ሶፍትቦክስ ይገጥምለታል። የራሱ ብቻ አፍ ያለው መብራት ግን ገዢውን የአንድ ሻጭ እስረኛ ያደርገዋል።

ገንዘብ ሳይከፍሉ እዚያው ነጭ ግድግዳ ፊት በሙሉ ጉልበት 20 ፎቶ በተከታታይ ያንሱ። አንዱ ጨለም፣ ሌላው ቢጫ ካለ ዕቃውን ይመልሱ።

ለአስመጪው

መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ በሻንጣ ውስጥ ሆኖ ወደ አውሮፕላኑ ዕቃ ማስቀመጫ አይገባም፤ ከመንገደኛው ጋር በእጅ ይያዛል። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈውም እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ማባዛት ነው፦ 14.4 በ2.9 ሲባዛ ወደ 42 ይመጣል፤ ያልፋል።

ርካሹ የትኛው ነው?

የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ስለሚለዋወጥ የዛሬውን ዋጋ ብቻ ማወዳደር አያዋጣም። ለስሌት ያህል፣ በ20 ሺህ ብር የተገዛ መብራት ከ20 ሠርግ በኋላ አምፖል ጠፍቶለት ቢጣል ለእያንዳንዱ ሠርግ 1,000 ብር አስወጣ ማለት ነው። በ35 ሺህ ተገዝቶ 100 ሠርግ ያገለገለው ግን 350 ብር ብቻ ነው ያስወጣው። ርካሽ የሚባለው ሁለተኛው ነው። ነጋዴውም መብራቱን ከነባትሪውና ከነአምፖሉ ቢያስመጣ ደንበኛው ለመለዋወጫ ይመለስለታል። መልካም ገበያ!