የአካባቢያችን እቅድ

ገበሬ እቅድ ያውቃል። ለዘር የሚሆነውን እህል ከጎታው ለይቶ ያስቀምጣል። ሰኔ ላይ ቤቱ ቢቸገር እንኳ ዘሩን አይነካም። የቀበሌ እቅድም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ፣ ብዙ ቤት አንድ ላይ ይመክርበታል፤ ዘመኑም ይረዝማል።

እኛ ከከተማ የመጣን ተማሪዎች የብቸናንና የሞጣን መሬት ከእናንተ የበለጠ አናውቅም። እናንተ ግን አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ ምክራችሁን በወረቀት አስፍሩት። በቃል የቀረ ነገር ይረሳል፤ የተጻፈውን ግን ልጅም ያነበዋል።

መጀመሪያ፣ እቅድ ሕዝብ ይምከርበት። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬዎች «መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብለው ሠጉ፤ እምቢ ብለውም ተነሡ። ጦር ተላከ፤ ሰውም አለቀ። ሕዝብ ያልመከረበት ነገር እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያመጣል።

ሁለተኛ፣ ሥራ ተራ አለው። ከጮቄ ተራራ የሚነሡ ወንዞች አፈራችንን ይዘው ዓባይ ይገባሉ። ታዲያ እርከን ከየት ይጀመር? ከታች ቢጀመር ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ይንደዋል። ስለዚህ ከኮረብታው አናት ተጀምሮ በየዓመቱ ወደ ታች ይወረዳል። ተዳፋቱም ከከብት ይከለላል፤ ችግኝ ይተከልበታል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ግጦሽ ሲከለከል የሚጎዳ ሰው ይኖራል። አንዲት ላም ብቻ ያላት መበለት ላሟን የት ታሰማራ? መልሱ ከክልከላው በፊት ይገኝ። ሣሩ ሲታጨድ መጀመሪያ ለእርሷ ይድረስ፤ ይህም ይጻፍ። የተጎዳ ሰው ካለ አጥሩ በሌሊት ይፈርሳል።

ሦስተኛ፣ የተሠራ ነገር ጠባቂ ይፈልጋል። ጎጃምንና ጎንደርን በሞጣ በኩል የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይ በጥንት ነገሥታት ዘመን የተሠራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰበረና «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። 60 ዓመት ያህል ሰው ከወንዙ በላይ በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። በ1994 ዓ.ም. የአገሬው ሰውና የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞች ጠገኑት። በ1997 ዓ.ም. ጎርፍ ጎዳው። ከዚያ በኋላ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። ምንጭም፣ እርከንም፣ መንገድም እንደዚሁ ነው። «ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» የሚለው ሳይሠራ በፊት ይወሰን።

ወንፈልና ደቦ አባቶቻችን ያቆዩልን ልማድ ነው። ጉልበቱ አለን። የጎደለን፣ ዘንድሮ የጀመርነውን ለከርሞና ለልጆቻችን የሚያሻግር ጽሑፍ ነው። እርሱንም አሁን በእጃችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. እርከን ለምን ከኮረብታ አናት ይጀመራል?
2. በቀበሌያችሁ ተሠርቶ ያለጠባቂ የቀረ ምን አለ?
3. ከ10 ዓመት በኋላ ቀበሌያችሁ ምን እንዲኖራት ትፈልጋላችሁ? ተመካከሩና ሦስት ነገር በተራ ጻፉ።