ከቆቡ ሥር ያለው ፊት

በወላይታ ሶዶ ፎቶ ቤት ገብቶ ሙያ የሚለምድ ሰው እጁን የሚያፍታታው በጉርድ ፎቶ ነው። ጉርድ ፎቶ ኮፍያ ያስወልቃል፤ ብርሃኑም ከፊት ለፊት ፊትን እኩል ያለብሳል። በኋላ የምርቃት ሰሞን ይመጣል። በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ልጆች ጋዋን ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው ከወላጆቻቸው ጋር ይገባሉ። በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ ደግሞ የባህል ልብሱን ዱንጉዛ የለበሰ፣ ኮፍያውን ያሳመረ ደንበኛ ይመጣል። ያን ጊዜ መብራትዎን ከፍ አድርገው ቢያነሡ ዓይኖቹ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። ለምን?

ቆቡን እንደ ቤት ክዳን ይዩት። ከግድግዳው አልፎ የወጣው የክዳን ጠርዝ እኩለ ቀን ላይ ግድግዳውን ያጠላበታል፤ የማለዳ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከክዳኑ ሥር ሾልካ ትገባለች። ፊትም እንዲሁ ነው። መብራቱ ከፊት ለፊት ሆኖ በ45 ዲግሪ ቁልቁል ሲወርድ፣ ጠርዙ ወደ ፊት የወጣውን ያህል ጥላው ወደ ታች ይረዝማል። 7 ሳንቲ ሜትር የወጣ ጠርዝ 7 ሳንቲ ሜትር ጥላ ይጥላል፤ ይህም ዓይንን ለመሸፈን ይበቃል። መብራቱን ወደ 30 ዲግሪ ዝቅ ቢያደርጉት ጥላው ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው መብራቱ ነው።

ዝቅታው ግን ልክ አለው። መብራቱ ከዓይን በታች ከወረደ ጥላው ወደ ላይ ይዞርና ፊቱ እንግዳ ይሆናል። መብራቱን ከዓይን ጥቂት ከፍ አድርገው ያቁሙት፤ የቀረውን ጥላ አንጸባራቂ ያቅልልዎ። አንጸባራቂ ማለት የወደቀበትን ብርሃን መልሶ የሚልክ ነገር ነው፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወይም ካርቶን ይበቃል። ከፎቶው ክልል ውጭ፣ ከደረት ሥር ወደ ፊት ቀና አድርገው ይያዙት። ቀረብ ሲያደርጉት ከቆቡ ሥር ያለው ጥላ ሲሳሳ ያያሉ።

ጥላው ሲሳሳ ቀጥሎ የሚፈትንዎ የካሜራው ብርሃን መለኪያ ነው። መለኪያው የሚያየው ሰው መሆኑን አያውቅም፤ ያገኘውን ሁሉ በአማካይ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይጥራል። ጥቁር ጋዋንና ጥቁር ቆብ ምስሉን ሲሞሉት «ጨለማ ነው» ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ፊቱም ከልክ በላይ ይነጣል። ነጭ ባርኔጣና ነጭ ነጠላ ሲሆን ደግሞ ብርሃን ይቀንስና ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ በቋሚ መብራት ሲሠሩ ልኬቱን ከፊቱ ላይ ይውሰዱ፤ ከዚያም ካሜራውን በእጅ ማስተካከያው፣ ማለትም በማንዋል፣ እዚያው ያጽኑት። ደንበኛው ቆቡን ቢቀይርም ቆዳው ያው ስለሆነ፣ መብራቱም እሱም ከቦታቸው እስካልተነሡ ድረስ ልኬቱ አይለወጥም።

ፊቱ በልኩ ሲበራ ግን ጥቁሩ ቆብ በጨለማ መጋረጃ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ብርሃን ሲርቅ በፍጥነት ይደክማል፦ በ1 ሜትር ላይ ያለው ብርሃን በ2 ሜትር ሩቡ፣ በ3 ሜትር ዘጠነኛው ብቻ ይቀራል። ፊት አጠገብ የቆመ መብራት መጋረጃውን በጨለማ የሚተወው ለዚህ ነው። ወይ ለመጋረጃው የራሱን ትንሽ መብራት ይስጡት፤ ወይ ከበስተኋላ ሌላ መብራት አድርገው የቆቡን ጠርዝ በቀጭን ብርሃን ይክበቡት።

አሁን ራስዎ የት ይቆማሉ? በጣም ከቀረቡ ወደ ካሜራው የወጣው ጠርዝ ያብጣል፤ ፊቱ ከኋላው ያንሳል። ይህን የሚወስነው ርቀቱ ነው። ወደ 2 ሜትር ገደማ ይራቁና ፊቱን በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያቅርቡት።

ይህ ሁሉ ድካም ለባርኔጣ ይገባዋል? በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ሰይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 በከፈተው ፎቶ ቤት ውስጥ ደንበኞቹ ለብሰውና ይዘው የሚነሡባቸው ልብሶች፣ ባርኔጣዎችና ሰዓቶች ነበሩ። ሰው ፎቶ ቤት የሚገባው መሆን የሚሻውን ሰው ይዞ ነው። ቆቡም የዚያ ምኞት አካል ስለሆነ ሳያስፈቅዱ አይንኩት። ለአዛውንት «አባባ፣ ባርኔጣዎን ትንሽ ወደ ኋላ ላድርግልዎ?» ማለት የሙያው ክፍል ነው። የተመራቂው ቆብ ግን ወደ ኋላ ሲጋደል ቅርጹን ያጣል፤ አግድም ይቀመጥና መብራቱ ይታዘዘው።

ለልምምድ አንድ ሰው፣ አንድ ቆብና አንድ መብራት ይውሰዱ። ሌላውን ሁሉ ሳይነኩ መብራቱን በእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ጊዜ ብቻ ዝቅ እያደረጉ አሥር ፎቶ ያንሡ። ከዚያ ምስሎቹን በተርታ አስቀምጠው ዓይኑን ብቻ ይመልከቱ። በብሌኑ ላይ ትንሽ የብርሃን ነጥብ መጀመሪያ የበራችበትን ፎቶ ሲያገኙ መብራቱ የቆመበትን ከፍታ ይለኩ። ለዚያ ቆብና ለዚያ ፊት መነሻዎ እሱ ነው።