ጎመናችሁን የሚበላው ማን ነው? መርዝ ከመግዛታችሁ በፊት

በኪርያት ኖርዳው በሕንጻዎች ሥር ባሉ ግቢዎችና በየበረንዳው ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና ጤና አዳም የሚተክሉ እናቶችና አባቶች አሉ። የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ግን ማታ ለምለም የነበረው ጎመን ጠዋት ወንፊት መስሎ ይገኛል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ሮጠን «መድኃኒት» እንገዛለን። ተባዩ ሳይታወቅ የተገዛ መርዝ ግን ገንዘብ ያባክናል፤ ሲብስም ከጎመኑ ጋር ወደ ገበታችን ይመለሳል።

መጀመሪያ ተባዩን እወቁ

1. ቅጠሉ ተበሳስቶ የሚያብለጨልጭ የደረቀ ልጋግ ካለበት፣ የበላው ቀንድ አውጣ ወይም ዛጎል የሌለው ዘመዱ ነው፤ ይህኛው በዕብራይስጥ ሐሱፊት ይባላል። ሌሊት ይበላል፣ ቀን እርጥበት ባለበት በድንጋይና በእንጨት ሥር ይደበቃል።

2. ቀዳዳ ኖሮ ልጋግ ከሌለ፣ ቅጠሉም ላይ ጥቁር አረንጓዴ ኩስ ከታየ፣ የጎመን ትል ነው። እናቱ ነጭ ቢራቢሮ ናት፤ ዕንቁላሏን የምትጥለው ከቅጠሉ ሥር ነው።

3. ቅጠሉ ተጨማዶ አመድ የተነሰነሰበት ከመሰለና ሲነካ ካጣበቀ፣ ክሽክሽ ነው። በዕብራይስጥ ክኒማ ይሉታል።

4. ችግኙ ከአፈሩ አጠገብ ተቆርጦ ከወደቀ፣ አፈር ውስጥ የሚደበቅ ቆራጭ ትል ነው።

ያለ መርዝ ምን ይደረግ?

ለቀንድ አውጣና ለሐሱፊት፦ ማታ እርጥብ ጣውላ በመደቡ አጠገብ አስቀምጡ። ጠዋት ገልብጣችሁ ከሥሩ የተሰበሰቡትን በጓንት ልቀሙ፤ ይህን ለተከታታይ ቀናት አድርጉ። ሌላው ዘዴ ቢራ ያለበት ጣሳ አፈር ውስጥ መቅበር ነው። የሚስባቸው የእርሾው ሽታ ስለሆነ ቅራሪ ጠላም ሊሞከር ይችላል። ጠቃሚ ጥንዚዛዎች እንዳይገቡበት የጣሳው አፍ ከአፈሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። ውኃ ማጠጣቱን ከማታ ወደ ጠዋት ማዞርም ይረዳል፤ ሌሊት መሬቱ ደረቅ ሲሆን እንደልባቸው አይሄዱም። አገር ቤት የምናውቀው አመድ የሚያግደው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ከንቱ ነው። ጨው ግን አትበትኑ፤ ተባዩን ቢገድልም አፈሩንና ጎመኑን ያበላሻል።

ለጎመን ትል፦ በየጊዜው ቅጠሉን እየገለበጣችሁ ቢጫውን ዕንቁላል በጣት አጥፉ። መደቡን በጥቃቅን ቀዳዳ መረብ መሸፈን ቢራቢሮዋን ያስቀራል።

ለክሽክሽ፦ በመጀመሪያ በኃይለኛ ውኃ እጠቡት። ካልበቃ በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ መጀመሪያ በአንድ ቅጠል ሞክራችሁ፣ ወደ ማታ ርጩ። እዚህ አገር «የሙሴ ላም» የምትባለው ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሽ ትበላለችና አትግደሏት።

ለቆራጭ ትል፦ የፕላስቲክ ኩባያ ሥሩን ቆርጣችሁ በችግኙ ዙሪያ አፈር ውስጥ ትከሉት።

መርዝ መግዛት ግድ ከሆነ

በዕብራይስጥ ጽሑፍ ያለው፣ በግብርና ሚኒስቴር የተመዘገበና ለምትበሉት አትክልት የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጡ። ማንበብ ካስቸገራችሁ ልጃችሁን ወይም ሻጩን «የሜይ ሃምታና ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ከተረጨ በኋላ አትክልቱ ሳይቆረጥ የሚቆይበት ቀን ነው። 7 ቀን የሚል ከሆነ፣ ሐሙስ የተረጨው ጎመን ለዚያው ሰንበት አይቀቀልም። በውኃ ማጠብ ቀኑን አይተካም።

የቀንድ አውጣ መርዝ በጠጠር መልክ ይሸጣል። ሜታልደሃይድ ያለበት ሕፃናትንና ውሻን ክፉኛ ይመርዛል፤ ከረሜላ መስሎ ሊታያቸውም ይችላል። ብረት ፎስፌት የያዘው ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነውና እሱን ጠይቁ።

መርዝ በኮካ ወይም በውኃ ጠርሙስ ገልብጦ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢመጣ አትግዙ፤ እናንተም ቤታችሁ አትገልብጡ። ሰው ከዋጠ አታስመልሱት፤ ወዲያው 101 ደውሉ፣ ዕቃውንም ከነጽሑፉ ያዙ። በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል ያለው የመርዝ መረጃ ማዕከልም 24 ሰዓት ይመልሳል።

ጎመን የምንተክለው ንጹሕ ነገር ለመብላትና ለልጅ ልጆቻችን ለማብላት ነው። ጥቂት ቅጠል ቢበሳ ጉዳት የለውም፤ የተበላ ቅጠል ተቆርጦ ይጣላል፣ የተበላ መርዝ ግን አይመለስም።