ስለ ሕፃናት ጨዋታና ስለ አእምሮ ዕድገት

ብዙ ወላጆች ልጃቸው በደጅ አፈር ሲነካ ባዩ ጊዜ «ጨዋታ ሥራ ፈትነት ነው፤ ልብስህንም አቈሸሽኸው» ብለው ይቈጡታል። ቍጣው ከንጽሕና ፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን የቈሸሸ እጅ በውሃና በሳሙና ይጠራል፤ ከጨዋታ ተከልክሎ ያደገ ሕፃን የሚጐድለው ግን እንዲህ በቀላሉ አይሞላም።

ይህንንም በጃማይካ አገር የተደረገው ምርመራ ያስረዳል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1986 እና በ1987 ዓ.ም. በኪንግስተን ከተማ በድኾች ሰፈር የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ፥ ቁመታቸው የቀጨጨ 129 ሕፃናት በአራት ክፍል ተመደቡ። ለአንደኛው ክፍል የወተት ምግብ ተሰጠ። ወደ ሁለተኛው ክፍል የጤና ረዳት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት እቤት ድረስ እየሄደች፥ እናት ከልጇ ጋራ እንዴት እንደምትጫወት አሳየች፤ መጫወቻውም በቤት ከሚገኝ ዕቃ የተሠራ ነበር። ሦስተኛው ሁለቱንም ሲያገኝ አራተኛው ምንም አልተጨመረለትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ወተቱንም ጨዋታውንም ያገኙት በአእምሮ ዕድገት ከሁሉ በለጡ። ከሃያ ዓመት በኋላም ጨዋታ የተማሩት ገቢያቸው ካልተማሩት በሩብ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ወተት ብቻ ያገኙት ግን እንዲህ ያለ ብልጫ አልታየባቸውም። (ይህን ስንል ምግብ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ የተራበ ልጅ አይጫወትም።)

በአገራችን መጫወቻ ከሱቅ ካልተገዛ ጨዋታ የለም የሚሉ ሰዎች ገጥመውናል። ልጃገረዲቱ እቃ እቃ ስትጫወት በቆርኪ ቡና ታፈላለች፥ እንግዳ ትቀበላለች፥ «እሜቴ፥ ይቀመጡ» ትላለች፤ በዚህም ቃላትን፥ የሥራን ቅደም ተከተልና የሌላውን ሰው አሳብ ትማራለች። ቅልሞሽ ዓይንና እጅን ያስማማል። በገበጣ ጠጠር የሚያከፋፍል ልጅ፥ የመጨረሻው ጠጠር ከየትኛው ጕድጓድ እንደሚወድቅ እጁን ሳያንቀሳቅስ አስቀድሞ ያሰላል። የሒሳብ መምህር ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል?

ስለዚህ መምህራን የዕረፍትን ሰዓት ለቅጣት እንዳይወስዱ እናሳስባለን። ሲጫወት የነበረ ልጅ በድንገት ከጓደኞቹ ተለይቶ ቢቀመጥ፥ ሕመም ወይም ረኃብ ሊሆን ይችላልና ለወላጆቹ ይነገር። የመጫወቻው ስፍራ ከመጸዳጃ ቤት፥ ከፍሳሽና ከመኪና መንገድ የራቀ ይሁን። ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጠጠር፥ ባቄላና ቍልፍ አይሰጠው፤ ጉሮሮውን ይዘጋዋል። ልጆቹም ከጨዋታ ሲመለሱ፥ ወደ ገበታ ሳይቀርቡ፥ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።