ገላጭ ድርሰት፦ ሳይፈርዱ ማሳየት

የሚከተለው ምንባብ ስለ አንዲት የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ ሥራዎች ይናገራል። ፊልሞቹን ያላያችሁ ብትሆኑም ትምህርቱን ለመከታተል አያስቸግራችሁም። በምታነቡበት ጊዜ ባለሙያዋ ምን እንዳሳዩና ምን ከመናገር እንደተቆጠቡ ልብ በሉ።

ምንባብ

ጄሲካ በሽር ከሜክሲኳዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት በሜክሲኮ ተወልደው ያደጉት በሐረር ነው። በአገሪቱ በነበረው የፖለቲካ ቀውስ ሳቢያ በ16 ዓመታቸው ከሐረር ወጡ፤ ኋላም መኖሪያቸውን በኒው ዮርክ አደረጉ። እዚያው በውጭ አገር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2016 ባቀረቡት አጭር ፊልም፣ በእንጨት ጣውላ ላይ በጫማው እየመታ የሚጨፍር የኒው ዮርክ ሰው እናያለን። በተከታዩ ዓመት የቀረበው «ሐይራት» ደግሞ በሐረር ከተማ ዳርቻ ማታ ማታ ጅቦችን ስለሚመግቡ ሰው የተሠራ ነው።

ከሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደው ሥራቸው «ፋያ ዳዪ» ነው። ባለሙያዋ ከዓመታት በኋላ ወደ ሐረር ሲመለሱ ቀድሞ ቡናና እህል ይበቅልበት የነበረውን መሬት ጫት ይዞት አገኙት። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፤ ለገበሬውም ከቡና የተሻለ ገንዘብ ያስገኛል። በሐረር ሱፊዎች ዘንድም ሌሊቱን በጸሎት ነቅቶ ለማደር ሲያገለግል የኖረ ተክል ነው። ታዲያ ይህን ነገር ሥራ አጥ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ ሲቅሙት የተመለከተ ሰው ምን ይበል?

ጄሲካ በሽር ለ10 ዓመት ያህል እየተመላለሱ፣ ካሜራውን ራሳቸው ይዘው ቀረጹ። ጫት ከተቆረጠ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ ሥራው ሁሉ ጥድፊያ ነው፤ ፊልሙም የሚቆርጡትን፣ የሚያስሩትንና የሚጭኑትን እጆች ያሳያል። አባቱ ከጫት ያልተላቀቀ አንድ ታዳጊ ከአገር ስለመውጣት ያስባል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ የሚነገርባቸው ቋንቋዎች ኦሮምኛ፣ ሐረሪኛና አማርኛ ናቸው። ነገሩን ከውጭ ሆኖ የሚያብራራ ተራኪ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ፣ በኒዮን ከተማ በሚካሄደው የዘጋቢ ፊልሞች ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አገኘ።

ማብራሪያ

የዚህ ትምህርት አዘጋጅ መምህር በነበረበት ዘመን ስለ ጫት ድርሰት ባዘዘ ቁጥር ከተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይቀርብለት ነበር፤ የደብተሩ መግዣ ከጫት ማሳ ከመጣለት ተማሪ ሳይቀር። ጽሑፉም የሚከተለውን ይመስላል፦

ሀ. ጫት ጎጂ ተክል ነው። ወጣቱን ያሰነፈ አስከፊ ሱስ ነው። የሱሰኛ ቤተሰብ ኑሮ አሳዛኝ ነው።

አሁን ይህን አንብቡ፦

ለ. ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አባቱን ጧት በተወው ቦታ አገኘው። ዙርባው አልቆ በምንጣፉ ላይ ገራባው ተበትኗል። ልጁ ደብተሩን አስቀምጦ ወጣ።

በ«ሀ» ውስጥ «ጎጂ»፣ «አስከፊ» እና «አሳዛኝ» የሚሉት ቅጽሎች የጸሐፊውን ፍርድ ይነግሩናል፤ የተፈረደበትን ነገር ግን አላየንም። በ«ለ» ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ግሦቹ ናቸው፤ «ተመለሰ»፣ «አገኘ»፣ «አለቀ»፣ «ወጣ»። «ጧት በተወው» የሚለው ሐረግም «ቦታ» የሚለውን ስም ስለሚገልጽ የቅጽልነት አገልግሎት አለው። ይሁን እንጂ አባትየው ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈ ያስታውቀናል እንጂ አይወቅሰውም።

ከዚህ ተነሥታችሁ ቅጽልን ሁሉ ከድርሰታችሁ አታባርሩ። «እርጥብ ቅጠል» ወይም «ጠባብ ክፍል» ስንል ዓይን ወይም እጅ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ባሕርይ መግለጻችን ነው። «አስከፊ ክፍል» ስንል ግን አንባቢው የራሳችንን አስተያየት እንዲቀበለን መጠየቃችን ነው፤ ክፍሉ ስለጠበበ ይሁን ስለቆሸሸ አያውቅም።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ሦስት ቅጽሎች አውጡና ባሕርይን የሚገልጹትን ፍርድን ከሚሰጡት ለዩ።

2. «ሱቁ መጥፎ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር፣ የፍርድ ቅጽል ሳትጠቀሙ በሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።

3. በአካባቢያችሁ ለአንዳንዱ ሰው መተዳደሪያ፣ ለሌላው ችግር የሆነ አንድ ነገር ምረጡ። የጠላ ቤት፣ የከሰል ማክሰያ ወይም የድንጋይ ካባ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቦታ ሆናችሁ ለግማሽ ሰዓት ተመልከቱ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ በ15 መስመር ጽፋችሁ ለጓደኛችሁ ስጡ። እሱም ስለ ነገሩ ምን እንደምታስቡ ከጽሑፉ ገምቶ ከሥሩ ይጻፍላችሁ።